የካ አባዶ ያለኝን ኮንዶሚኒየም ከውጭ ሆኜ እንዴት ላከራየው?

ከሜሪላንድ፦
ጤና ይስጥልኝ። የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ፤ እስካሁን አጎቴ በቃል ስምምነት ብቻ ያከራዩልኝ ነበር። ተከራዩ ባለፈው ወር ሲለቅ የሦስት ወር የውሃ ዕዳና የተሰበረ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ትቶልን ስለሄደ፣ አጎቴም «በዚህ ዕድሜዬ ከሰው መጣላት አልችልም» ብለው ቁልፉን ለእናቴ አስረክበዋል። አሁን አንድ ደላላ በ16,000 ብር ፈንታ 20,000 የሚከፍል ሰው አምጥቷል፤ ነገር ግን የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብለን ውሉ ላይ 10,000 ብር ብቻ እንድንጽፍ ይመክራል። እንዲህ ማድረጉ ያዋጣል?

ባለሦስት ቤት፦
እህቴ፣ አያዋጣም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው ልክ ነው። ስለዚህ 10,000 ብለው ከጻፉ የሚመጣው ጭማሪ ሁሉ የሚሰላው በ10,000 ላይ ነው። ሰውየው ሦስተኛው ወር ላይ «ውሉ የሚለውን ነው የምከፍለው» ቢልዎት ምን ይዘው ይከራከሩታል? ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሚከፈል፣ ከውሉ ውጭ የሚመጣው ገንዘብ ወይ በእጅ ይሰጣል ወይ ሒሳብዎ ውስጥ ገብቶ ይመሰክርብዎታል።

ስለ 20,000ውም ትንሽ ያስሉ። በአራት ሺህ ብር ብልጫ የገባ ሰው አጉል ቢሆንና ቤቱ ለሁለት ወር ባዶውን ቢቀመጥ 40,000 ብር ይቀርብዎታል፤ ይህም የአሥር ወር ብልጫው ማለት ነው፣ ቀለሙና የደላላው ኮሚሽን ሳይቆጠር። እኔ የእናቴን ሦስት ቤቶች ሳከራይ ከገበያው ጥቂት ዝቅ ብዬ ሰው እመርጣለሁ፤ በተለይ አሁን ለሁለት ዓመት ስለምንታሰር ከዋጋው ይልቅ የሚገባው ሰው ያሳስበኛል።

ቁልፍ ከመስጠትዎ በፊት ደግሞ እናትዎ ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ቧንቧዎቹን ሁሉ ለሩብ ሰዓት ያህል ክፍት አድርገው፣ ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወርደው የጎረቤትን ኮርኒስ ይዩ። እኔ ይህን ባለማድረጌ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሥር የሰረገው ውሃ የጎረቤቴን ሳሎን አጠልሽቶ የኮርኒሱን ወጪ ከፍያለሁ። የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ተከራዩ ባለበት ፎቶ አንሥተው ይያዙ፤ የርክክብ ዝርዝር ላይም ስንት ቁልፍ እንደተሰጠ፣ የትኛው መስኮት እንደተሰነጠቀ ሳይቀር ጽፈው ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ። ዕዳውን ትቶ የሄደው ሰው ይህን ፈርሞ ቢሆን ኖሮ አጎትዎ መጣላት ባላስፈለጋቸው ነበር።

ተከራይ ነኝ፦
ከተከራይ ወገን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ቤት ውስጥ አምስት ዓመት የቆየሁት ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሕንፃ ላይ አከራዬ ሮቶ ገዝተው ስላስቀመጡልኝና ሲደወልላቸው ስለሚያነሡ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ግን «ቤቴን ልየው» እያሉ ሳያስታውቁ እሑድ እሑድ ይመጡ ስለነበር በስምንተኛው ወር ለቀቅሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃው የማይደርስ ከሆነ ለሮቶው የሚያወጡት ገንዘብ ከቀለም ይቀድማል።

ባለውክልና፦
ለእናትዎ ውክልና መስጠትዎን አይርሱ፤ «ቤቴን ታስተዳድርልኝ» የሚል ጥቅል ቃል አይበቃም። ማከራየት፣ ውል መፈረምና ማፍረስ፣ ኪራይ መቀበል፣ ግብር መክፈልና ፍርድ ቤት መቅረብ እያንዳንዱ ተለይቶ ይጻፍ። ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ካስጨረሱ በኋላ ሰነዱ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይሄዳል። ከኪራይ የሚገኝ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» ግብር የሚከፈልበት ስለሆነ የባንክ ደረሰኞችና የጥገና ወጪ ማስረጃዎች ከወዲሁ በአንድ ፋይል ይቀመጡ፤ ሰኔ 30 ሲዘጋ መፈለግ ያደክማል።

ከሜሪላንድ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለደላላው ሙሉው ዋጋ ካልተጻፈ እንደማልስማማ ነግሬው «እንግዲያው ሰውየው ሄዷል» አለኝ፤ እኔም አላዘንኩም። እናቴ ለነገ ጠዋት ቧንቧ ሠራተኛ ቀጥራለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ጎረቤት ግን ገና አላገኘቻቸውም። የርክክብ ዝርዝር ናሙና ያለው ሰው ካለ ብትለጥፉልኝ ውለታችሁን አልረሳም።