ወንድሜ በይቅርታው አልተካተተም፤ በአመክሮ ማስወጣት ይቻላል ወይ?

ሰላም ለሁላችሁም። ሕግ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

ታናሽ ወንድሜ በስርቆት 2 ዓመት ከ6 ወር ተፈርዶበት እስካሁን 21 ወር ታስሯል። አስም አለበት። መጋቢት 16 ቀን 2012 ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ በኮሮና ምክንያት ከ4 ሺህ በላይ ታራሚዎች በይቅርታ እንደሚፈቱ ሲናገሩ፣ ቀላል ወንጀል ፈጽመው እስከ 3 ዓመት የተፈረደባቸው ሲባል፣ እናቴ «ልጄ መጣልኝ» ብላ አልጋውን አነጠፈች። ስሙ ግን የለም። እሱ ያለው በክልል ማረሚያ ቤት ነው። «ያ የፌዴራል ነው፣ የክልሉን ጠብቁ» አሉን። ጠበቅን። የክልሉም ዝርዝር ወጣ፣ አሁንም የለበትም።

ጠያቂ መግባት ከተከለከለ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። ባለፈው ሳምንት የሚነፋውን የአስም መድኃኒት በፌስታል ይዤ ሄድኩ፤ ጥበቃው በር ላይ ተቀበለኝ። ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። የሚተኙት ጎን ለጎን ተጠጋግተው ነው። ርቀት መጠበቅ እዚያ ውስጥ እንዴት ይሆናል?

ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ሰምቻለሁ። እሱ 20 ወሩን አልፏል። ማመልከቻውን የምናስገባው እኛ ነን ወይስ ማረሚያ ቤቱ? ፍርድ ቤቶች በከፊል በተዘጉበት በዚህ በ2012 የኮሮና ጊዜስ ማን ያየዋል? የሐኪም ማስረጃ አብሮ ማያያዝ ይጠቅማል? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ በእናታችሁ ይጻፍልኝ። እናቴ ሌሊቱን አትተኛም።