በእንግሊዝኛ የትግል ትዕይንት ስጽፍ ማን ምን እንዳደረገ አይለይም

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በእንግሊዝኛ በምጽፈው አጭር ልቦለድ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ሌሊት ቤታቸው ከገባ ሌባ ጋር የሚታገሉበት ትዕይንት አለ። ረቂቁን ያነበቡልኝ ሁሉ ማን ማንን እንደመታ እንዳልገባቸው ነግረውኛል። ለምሳሌ «ከአልጋው ዘሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ደረጃውን ወርዶ ሌባውን ያዘው» የሚለውን ሐሳብ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግሦች በ«ኢንግ» (-ing) እየጨረስኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌዋለሁ። መፍትሔው ማሳጠር ብቻ ነው?

መልስ 1
ርዝመቱ ላይ አይፍረዱ፤ ችግሩ «ኢንግ» ላይ ነው። በአማርኛ «ዘሎ፣ ከፍቶ፣ ወርዶ» ስንል አንዱ ድርጊት ሲያልቅ ሌላው እንደሚቀጥል ማንም ይረዳዋል። የእንግሊዝኛው «ኢንግ» ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ «እየ» ስለሚነበብ፣ አንባቢው ሰውዬው በአንድ ቅጽበት እየዘለለም፣ በር እየከፈተም፣ ደረጃ እየወረደም ሌባ ሲይዝ ያያል። ስለዚህ ግሦቹን እንደ ቅደም ተከተላቸው በኃላፊ ጊዜ ይደርድሯቸው፦ «ሂ ሊፕት አውት ኦፍ ቤድ፣ ኦፕንድ ዘ ዶር ኤንድ ራን ዳውን ዘ ስቴርስ።» ሌባውን መያዙ የትዕይንቱ ዋና ነገር ነውና የራሱ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል።

ሌላም አለ። «ወርዶ»፣ «ወርዳ»፣ «ወርጄ» የሚሉት ግሦቻችን ባለቤታቸውን በውስጣቸው ይይዛሉ፤ «ኢንግ» ግን ባለቤቱን የሚያገኘው ከዋናው ግስ ነው። «ደረጃውን ሲወርድ ጩቤ ብልጭ አለበት» ለማለት በ«ኢንግ» ጀምረው የዋናውን ግስ ባለቤት ጩቤውን ካደረጉ፣ በእንግሊዝኛው ደረጃውን የወረደው ጩቤው ይሆናል።

መልስ 2
በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም አንባቢዎችዎን ይበልጥ ያደናገራቸው ተውላጠ ስሙ ይመስለኛል። ሦስቱም ወንዶች ስለሆኑ «ሂ ሂት ሂም» («እሱ መታው») ብቻውን ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። ስም መደጋገም ነውር ነው ብለው አይስጉ፤ ወንድማማቾቹን በየስማቸው፣ ሌባውን «ዘ ቲፍ» ብለው ይጥሩ፤ በ«ሂ» የሚጠቀሙትም ባለቤቱ እስኪለወጥ ድረስ ብቻ ይሁን። በተለይ «ሂዝ» («የእሱ») ይጠንቀቁበት። «ሂዝ አርም» ሲሉ የተጠመዘዘው የማን ክንድ እንደሆነ ካልታወቀ ማን እያሸነፈ እንደሆነም አይታወቅም።

መልስ 3
«ኢንግ»ን ጨርሰው እንዳይጥሉት አደራ። ታናሹ የተመታ ጎኑን ይዞ የሚሮጥ ከሆነ፣ መያዙና መሮጡ በእርግጥ አብረው ስለሚፈጸሙ «ሂ ራን፣ ሆልዲንግ ሂዝ ሳይድ» ትክክል ነው።

ጠያቂው
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ታላቁ ሌባውን እንደያዘ ታናሹ ገመድ ሊያመጣ ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ይቻላል?

መልስ 1
ይቻላል። ሁለት ባለቤቶች ስላሉ በ«ኢንግ» ፈንታ «ዋይል» («ሳለ») ይጠቀሙ፤ ሁለቱንም በስማቸው ይጥሩ፤ ገመዱ ቀጥሎ የሚያስፈልግ ነገር ስለሆነ ታናሹን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጡት።