«ትንሿ» ኑክሌር ርካሽ ናት?

የቀበና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ሻይ ቤት ጓደኛዬ «ታክቲካል ኑክሌር ጦር ሜዳ ላይ ብቻ የምትሠራ ትንሽ ቦምብ ናት፤ ብዙ ሠራዊት ከመቀለብ እሷ ትረክሳለች» ብሎ ድርቅ አለ። አልተዋጠልኝም፣ መልስ ግን አጣሁ። የምታውቁ?

ጡረተኛው መድፈኛ፦
ልጄ፣ ይህ ስሌት የቆየ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም በ1953 እ.ኤ.አ. እንዲያ አሰበ፤ ወታደር ይበላል፣ ይለብሳል፣ ጡረታ ይወጣል፤ ቦምብ ግን መጋዘን ውስጥ ዝም ይላል። በዚያው ዓመት ኔቫዳ ላይ 15 ኪሎ ቶን፣ ማለትም የ15 ሺህ ቶን ፈንጂ ጉልበት ያለው ኑክሌር በመድፍ ተኮሱ። መድፉ ከ75 ቶን በላይ! እኔ ዲ-30 በምትባለው መድፍ ላይ ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ እሷን እንኳ ከጭቃ ለማውጣት አሳራችንን በልተናል። ያንን ጉድ የትኛው ድልድይ ይችለዋል? 20 ሠርተው በ1963 ገለል አደረጉት።

ዴቪ ክሮኬት ደግሞ ባሰ። በጂፕ የሚጫን ኑክሌር፣ የሚወረውረው እንደ ሞዴሉ 2 ወይም 4 ኪሎ ሜትር። የኛዋ 15 ኪሎ ሜትር እየወረወረች ጉድጓድ እንቆፍር ነበር፤ እዚያ ርቀት ላይ ጨረር ተኩሰህ ነፋስ ቢዞርብህስ? እሱም በ1971 ቀረ።

ክፍለ ጦሩንም ለኑክሌር ውጊያ ብለው በአምስት አምስት ቡድን በትነው አዋቅረውት ነበር፤ «ፔንቶሚክ» ይሉታል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲመጣ አፍርሰው እንደገና ሠሩት። ዶክትሪን በተለወጠ ቁጥር ሥልጠናው፣ መኪናው፣ ሬዲዮው ሁሉ አብሮ ይለወጣል። ጓደኛህ ይህን ደመረው?

ሞዜል ዳር፦
ጋሼ፣ እኔ ጀርመን ነኝ። እዚህ በ1955 ኔቶ በልምምድ 335 የኑክሌር ቦምብ የጣለ መስሎ ሲያሰላ፣ የሚሞተው ጀርመናዊ 1.7 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። ለማዳን ነበር እንግዲህ!

ዛሬም ቢ61-12 የምትባለው የአሜሪካ ኑክሌር ቦምብ እስከ 50 ኪሎ ቶን ትደርሳለች፣ ከሂሮሺማዋ ሦስት እጥፍ በላይ። እድሳቷ ብቻ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። እሷን ለመሸከም የተመደበው ቶርኔዶ የተባለው የጦር አውሮፕላን አርጅቶ፣ ጀርመን በ2022 በምትኩ 35 ኤፍ-35 አውሮፕላን በ10 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ አዘዘች። ይህ ከቦምቧ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

ጡረተኛው መድፈኛ፦
አይገባማ! እኛም ዘንድ መድፉ ይቆጠር ነበር እንጂ የጎታቹን ነዳጅ ማንም አይጽፈውም ነበር።

የቀበና ልጅ፦
ጋሼ፣ ነገ ስልኬን ይዤ ሻይ ቤት እሄዳለሁ።