ሄርሺ ወይስ ኦርላንዶ፦ የ2018 ዓ.ም. የቤተሰብ ጉዞ ሐሳብ ማዘጋጃ

ከማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ በይደር የቆየው የቤተሰብ ጉዞ ጉዳይ በመጋቢት ለሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ የጋራ ሐሳብ ሆኖ መቅረብ ስላለበት፣ እዚህ በጽሑፍ እንድንመካከርበት ሥራ አመራሩ ወስኗል። እንደምታስታውሱት ላለፉት ስድስት ዓመታት ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና ከቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ፔንሲልቬንያው መዝናኛ ፓርክ ወደ ሄርሺፓርክ ስንሄድ ቆይተናል። ዘንድሮ ግን የወጣቶች ክፍላችን፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ ወደተከፈተው መዝናኛ ፓርክ ወደ ዩኒቨርሳል ኤፒክ ዩኒቨርስ እንሂድ የሚል ጥያቄ አቅርቧል። አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ «እኔም እስማማለሁ» ብሎ ማለፍ ረቂቁን ለሚጽፈው ሰው ብዙም አይረዳውም።

ከወጣቶች ክፍል ተወካይ

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና ታላላቆቻችን፣ ጥያቄውን ያቀረብነው ሄርሺን ስለጠላን አለመሆኑን አስቀድሜ መግለጽ እፈልጋለሁ። እኔ ራሴ በ11 ዓመቴ ከእናንተ ጋር ሄጄ፣ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰውን ዘቅዝቆ የሚያዞረውን ሱፐርዱፐርሉፐር የተባለ ሮለር ኮስተር (በከፍታ ሐዲድ ላይ የሚከንፍ የመጫወቻ ባቡር) ዓይኔን ጨፍኜ የተሳፈርኩበትን ቀን አልረሳውም። አሁን ግን 17 ዓመት ሞልቶኛል፤ ሰልፉ የሚጠማዘዝበትን ቦታ ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከ14 እስከ 17 ዓመት ካሉት 23 የማኅበሩ ልጆች መካከል ወደ ሄርሺ የመጡት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ከፊሎቹ ሥራ ገቡ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ቤት ተኝተው ዋሉ። ስለዚህ የቤተሰብ ጉዞ የምንለው ነገር እኛን ካጣን ሰንብቷል።

አዲሱ ፓርክ አምስት ክፍሎች አሉት። መካከለኛው ሰለስቲያል ፓርክ የተባለ፣ ዛፍና ውሃ የበዛበት ሰፊ ግቢ ሲሆን፣ ከእሱ ወደ አራቱ ዓለሞች በየራሳቸው በር ይገባል። ስታርደስት ሬሰርስ በሚባለው ሮለር ኮስተር ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን እየተሽቀዳደሙ አየር ላይ አንዱ በሌላው ዙሪያ ይጠመዘዛሉ። መንገዱ ይርቃል ለሚሉ ደግሞ፣ ከቨርጂንያዋ ሎርተን ተነሥቶ ኦርላንዶ አጠገብ እስካለችው ሳንፎርድ ድረስ ተሳፋሪውንም መኪናውንም ጭኖ የሚሄድ የአምትራክ ባቡር መኖሩን ላስታውስ። ወደ 850 ማይል የሚሆነውን መንገድ ማንም መሪ ሳይጨብጥ፣ ማታ ተሳፍሮ ጠዋት መድረስ ይቻላል።

ከገንዘብ ያዥ

ልጃችን ያቀረበው በጨዋ ደንብ ነው፤ እኔም በዚያው ደንብ ሒሳቡን ላቅርብ። ለጉዞ የተቀመጠው ገንዘብ 7,500 ዶላር ነው። ባለፈው ዓመት ይኸው መጠን የሁለቱን አውቶቡስ ኪራይና የትኬቱን ግማሽ በመሸፈኑ፣ አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ ምግቡን ጨምሮ ከኪሱ ያወጣው ከ250 ዶላር አይበልጥም ነበር። የኦርላንዶው ፓርክ ሲከፈት የአንድ አዋቂ የአንድ ቀን ትኬት እንደ ቀኑ ከ139 እስከ 199 ዶላር ነበር። በዝቅተኛው ዋጋ ብናሰላው እንኳ አምስት ሰው ለአንድ ቀን መግቢያ ብቻ ወደ 700 ዶላር ይከፍላል። የአውሮፕላኑን፣ የሦስት ሌሊት ሆቴሉንና የመኪና ኪራዩን ስጨምርበት ለአንድ ቤተሰብ ከ3,000 ዶላር በታች ማውረድ አልቻልኩም። ያለንን ገንዘብ ባለፈው ዓመት ለተጓዙት 110 ሰዎች ብናካፍለው ለነፍስ ወከፍ 68 ዶላር ይደርሳል፤ ይህም የአንዱን ትኬት ግማሽ አይሞላም።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ይህ ገንዘብ ከሁሉም ቤት የተዋጣ ነው። ወደ ኦርላንዶ መሄድ የሚችለው ቤተሰብ መሄድ በማይችለው ቤተሰብ መዋጮ ይደገፋል ማለት ነው። ማኅበሩ ሲመሠረት የተስማማነው በዚህ አልነበረም።

ከአሌክሳንድሪያ አባል

እኔ የአራት፣ የዘጠኝና የ16 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ 74 ዓመት የሆናቸው እናቴም አብረውኝ ይኖራሉ። ስለዚህ አንድን ፓርክ የምመዝነው አራቱም በአንድ ቀን የሚውሉበት ቦታ ይኖራቸው እንደሆነ በማየት ነው።

በሄርሺ ልጆች ቁመታቸው እየተለካ በከረሜላና በቸኮሌት ስም ይመደባሉ። ከ36 ኢንች በታች ያለው ሚኒየቸር ነው፤ እስከ 42 ያለው ኪስስ፣ ከዚያ ሪሰስ እያለ 60 ኢንች ለሞላው ጆሊ ራንቸር ይደርሳል። ትንሹ ልጄ ባለፈው ዓመት ከሚኒየቸር ወደ ኪስስ ሲያልፍ የተደሰተውን ደስታ በልደቱ ቀን እንኳ አላየሁበትም። እኛ ቤት የልጆቹ ቁመት በግድግዳ ላይ አይለካም፤ የሚለካው በዚያ በር ላይ ነው ማለት ይቻላል። በኦርላንዶው ፓርክ ስታርደስት ሬሰርስ 48 ኢንች ይጠይቃል፤ ለልጆች ከተባሉት መካከል ከአራቱ ዓለሞች አንዱ በሆነው በድራጎኖቹ ደሴት ያለው የክንፍ በረራ 40 ይጠይቃል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ታልፈዋለች፤ ትንሹ ግን አንድ ጣት ጎድሎት ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሄዶ ሲያለቅስ ይታየኛል።

እናቴን በተመለከተ፣ ሄርሺ ለእሳቸው ሮለር ኮስተር አይደለም። በ1919 እ.ኤ.አ. የተሠራው ባለ እንጨት ፈረሶች መሽከርከሪያ ላይ ከትንሹ ጋር ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በዚያው ትኬት ወደሚገባበት የእንስሳት ማቆያ ሄደው ድቡን ያያሉ፤ ሲደክማቸው ከበሩ ውጪ መግቢያ የማይከፈልበት የቸኮሌት ቤት አለ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ መኪና ማቆሚያው ዘንድ ተሰብስበን፣ ከቤት የመጣውን ድፎ ዳቦና የፔርሙሱን ቡና እንቋደሳለን። በሐምሌ የፍሎሪዳ ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ በመጣ ቁጥር የውጪው መጫወቻ ሁሉ በሚቆምበት ቦታ፣ የደም ግፊት ያለባቸውን እናቴን ይዤ ለመዋል ድፍረቱ የለኝም።

ነገር ግን እውነቱን መደበቅ አይገባኝም። የ16 ዓመቷ ልጄ ከመጡት ዘጠኙ ውስጥ አልነበረችም። ተወካዩ የተናገረው የእኔንም ቤት ጉዳይ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አባል

እኔ ታክሲ ነው የምነዳው፤ ባለቤቴ ሆስፒታል በፈረቃ ትሠራለች። አንድ ቅዳሜ እናገኛለን። አራት ቀን ግን ለእኛ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያህል ነው። የባቡሩ ሐሳብ ጥሩ ነበር፤ ሆኖም እሱም መሄጃና መመለሻ ሁለት ሌሊት ይወስዳል።

ከቀድሞው ሊቀ መንበር

ልጆቼ፣ ቦታው ከመወሰኑ በፊት ቀኑ ይወሰን፤ ቀኑን ስትወስኑ ቦታውም ሊወሰንላችሁ ይችላል። ዘንድሮ የሐዋርያት ጾም የሚያበቃው በሐምሌ 5 ማለትም በጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦገስት 7 ይገባል። በመካከሉ የሚገኙት ቅዳሜዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ከእነዚህ የመጀመሪያው ጁላይ 18 ሲሆን፣ ማግስቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ አባቶች ሁሉ ሐሳባቸው ቤት ቀርቶ ነው የሚሄዱት። ጁላይ 25 ደግሞ የሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ በመሆኑ ብዙዎቻችን ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን እናሳልፋለን። የሚቀረው ሐምሌ 25፣ ኦገስት 1 ነው። ለሩቅ ጉዞ ካሰባችሁ ሐሙስ ተነሥታችሁ እሑድ መመለሳችሁ ነውና፣ ዓርብን በመንገድ ላይ እየጾማችሁ መሆኑን አትርሱ። በፍስክ ቀን ይሁን ማለቴም በከንቱ አይደለም፤ ሄርሺ በወተት ቸኮሌት የተሠራች ከተማ ናት፤ ልጅን በጾም ቀን ወደዚያ ወስዶ «አትንካ» ማለት ፈተና ውስጥ መክተት ነው። አንድ ዓመት እንዲህ አድርገን ያየነውን አይተናል።

ሌላው፣ ያ አዲሱ ፓርክ የጠንቋዮች ከተማና ዳርክ ዩኒቨርስ የሚሉት የጭራቆች መንደር እንዳለው የልጅ ልጄ አሳይቶኛል። እኛ በልጅነታችን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ስንወሰድ ያስፈራን የነበረው እውነተኛ አንበሳ ነበር። ገንዘብ ከፍሎ ጭራቅ ፍለጋ መሄድ ለእኔ ግራ ነው።

ከወጣቶች ክፍል ተወካይ

ጋሼ፣ ያሉትን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ ጭራቆቹን ግን ታናናሾቻችን በስልካቸው ላይ በየቀኑ ያዩአቸዋል፤ ፓርኩ ባይኖርም አይቀሩላቸውም። የገንዘቡን ጉዳይ በተመለከተ የገንዘብ ያዣችንን ሒሳብ ከጓደኞቼ ጋር ደግመን ሠርተነዋል፤ እውነት ነው፣ አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄያችንን እንዲህ አሻሽለነዋል። የማኅበሩ የጋራ ገንዘብ ለሄርሺ ይሁን። ኦርላንዶ መሄድ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ግን በማኅበሩ ጥላ ሥር ከዚህ ዓመት ጀምሮ ዕቁብ ጀምረው፣ በ2019 ዓ.ም. በራሳቸው ወጪ ይሂዱ። ከዚህ ጋር አንድ ነገር እንለምናለን፤ የሄርሺው ጉዞ እንደ ድሮው አይሁን። አውቶቡሱ በ11 ሰዓት ይመለሳል ስለሚባል፣ ሰልፉ የሚያጥርበትና መብራቱ የሚበራበት የማታው ሰዓት ሁልጊዜ ያመልጠናል። በ1946 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ኮሜት የተባለውን የእንጨት ሮለር ኮስተር በጨለማ ያየው ከመካከላችን አንድም የለም።

ከገንዘብ ያዥ

ዕቁብ እጣ የሚወጣበት ነው፤ አንዱ ቤት ጥቅምት ላይ፣ ሌላው ግንቦት ላይ ደርሶት አብሮ መሄድ አይቻልም። እናንተ የምትሉት ቁጠባ ነው። ስሙ ይስተካከል እንጂ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ሆኖም የቁጠባው ሒሳብ ከማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ሐሳቡን የለወጠ ቤተሰብም ያስገባውን ሳይቀነስ እንዲወስድ በጽሑፍ ይቀመጥ። የሁለቱ አውቶቡሶች መመለሻ ሰዓት ቢለያይ ኪራዩ ላይ የሚጨምረውን ጠይቄ አሳውቃለሁ፤ ትንሽ ቢጨምር ከገና ድግሱ በተረፈው ይሸፈናል ብዬ አስባለሁ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

እስካሁን የተጻፈውን ይዤ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን ረቂቅ እንደሚከተለው አዘጋጅቻለሁ፤ እርማት ካለ እስከ እሑድ ይድረሰኝ።

«የማኅበሩ የ2018 ዓ.ም. የቤተሰብ ጉዞ ሐምሌ 25 ቀን ወደ ሄርሺፓርክ እንዲሆን፣ ለዚህም የተቀመጠው 7,500 ዶላር እንዲውል፣ ከሁለቱ አውቶቡሶች አንዱ በ11 ሰዓት ሌላው ፓርኩ ሲዘጋ እንዲመለስ፣ በማታው የሚመለሱት ወጣቶች ቢያንስ አራት አዋቂዎች አብረዋቸው እንዲቆዩ፣ የቀኑንም መርሐ ግብር የወጣቶች ክፍል ራሱ እንዲያወጣ፤ ወደ ኦርላንዶው ኤፒክ ዩኒቨርስ መጓዝ ለሚፈልጉ አባላት ደግሞ ከማኅበሩ ሒሳብ የተለየ፣ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የጉዞ ቁጠባ እንዲከፈትና የጉዞውን ቀን ቆጣቢዎቹ ራሳቸው እንዲወስኑ ጉባኤው እንዲያጸድቅ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ከሲልቨር ስፕሪንግ አባል

ከአራቱ አዋቂዎች አንዱ እኔ ልሁን፤ ማታ መንቃት ሥራዬ ነው። አንድ ነገር ይጨመር፤ ባለፈው ዓመት ምሳው ሲታደል የሙስሊም አባሎቻችን ሥጋ ከሌላው ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ሳህኑ ተቀላቅሎ ነበር። ዘንድሮ ለብቻው ዕቃ፣ ለብቻው አስተናጋጅ ይመደብለት።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

ተጨምሯል። ሌላ እርማት ያለው?

ከአሌክሳንድሪያ አባል

አንድ ትንሽ ጉዳይ አለኝ። ረቂቁን ለእናቴ ሳነብላቸው፣ በ11 ሰዓት የሚመለሰውን ሕፃናት ለያዙት ተዉት፣ እኔ መብራቱን አይቼ በማታው ነው የምመለሰው ብለዋል። በማታው አውቶቡስ የፊት ወንበር ይያዝላቸው።