የሰመጠ መርከብ ውስጥ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

የቦርከናው፦ ሰላም ወገን። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ጂቡቲ ወደብ ነው። አምና የስኩባ (አየር በጀርባ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ) መጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ እስካሁን 14 ጊዜ ጠልቄያለሁ። አሰልጣኜ 28 ሜትር ላይ ያለ የሰመጠ መርከብ ውስጥ ላስገባህ ይለኛል። «ከኋላዬ አትጥፋ፣ በቃ» ነው የሚለው። በማግስቱ ጠዋት ለዒድ ደሴ እናቴ ጋ ለመሄድ መኪና እይዛለሁ። ምን ትላላችሁ?

ጦሳ ማዶ፦ ሐይቅ ላይ ዋና የተማርን ሰዎች ምን እንበልህ አቦ።

ሁርጋዳ የነበረው፦ አትግባ። የያዝከው ፈቃድ እስከ 18 ሜትር ነው። 28ቱ ራሱ ሌላ ኮርስ ይፈልጋል፤ መርከብ ውስጥ መግባት ደግሞ ከዚያም በላይ ሌላ ሥልጠና። ክፍት ባሕር ላይ ችግር ቢመጣ ወደ ላይ ትወጣለህ። እዚያ ግን ከላይህ ብረት ነው።

አንዴ ከፊቴ የነበረ ሰው እግሩን ወደ ታች መታ። ደለሉ ተነሣ፣ ውሃው ወተት ሻይ መሰለ። የእጅ መብራቴን ፊቴ ድረስ ባስጠጋውም ቢጫ ጭጋግ ብቻ። አረፋችን ጣሪያውን ሲነካ ደግሞ ዝገት ይረግፍብናል። ያወጣን ከውጪ አስረን የገባነው ክር ነው፤ በጣታችን እየዳበስን። አሰልጣኝህ ክር ይዘረጋል ወይ? ጠይቀው።

አየርህንም ለሦስት ትከፍላለህ፤ ሢሶው መግቢያ፣ ሢሶው መውጫ፣ ሢሶው ለክፉ ቀን። በጋኑ ውስጥ 200 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይዘህ ከገባህ 134 ላይ ትመለሳለህ። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ 4 እጥፍ ስለሆነ አየሩም በዚያው ልክ ይነጉዳል። ጭንቅላትህም እንደ ጠጅ ሊዞር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ አጠገብ የሰመጠችው አንድሪያ ዶሪያ የተባለች መርከብ ላይ ስንት ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ሞተዋል!

ነርሷ፦ መኪናውንስ ማን አየው? ስትጠልቅ ሰውነትህ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ሳይወጣ አየሩ ወደሚሳሳበት ከፍታ ከወጣህ ሰውነትህ ውስጥ አረፋ ሠርቶ ይጎዳሃል። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ ናት። እና ደሴ መውጣት መብረር ማለት ነው። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። እኔ ብሆን ሙሉ ቀን እጨምርበታለሁ። ባቲ ላይ መገጣጠሚያህን ካመመህ ወይ እግርህ ከደነዘዘ፣ የመንገድ ድካም ነው ብለህ ሽቅብ አትቀጥል። ሆስፒታል ግባ፣ ጠልቄ ነበር በላቸው፣ ኦክስጅን ይስጡህ።

የቦርከናው፦ ጠየቅኩት። ክር የለውም። «እንደ ቤቴ ነው የማውቀው» አለኝ። ቀርቻለሁ። 15 ሜትር ላይ ዓሣ አያለሁ፤ መኪናውንም በሁለት ቀን አራዘምኩ። እማዬ ለምን ዘገየህ ስትል ምን ልበላት?

ጦሳ ማዶ፦ አብሽር፣ ጉምሩክ ያዘኝ በላት።