የ1966ቱ ውህደት የላሪ ኢትልዮንግን ፊሊፒኖዎች ጠቀማቸው ወይስ ጎዳቸው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በካሊፎርኒያ ላሪ ኢትልዮንግ ይመራው የነበረው፣ ፊሊፒኖዎች የበዙበት የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር በኦገስት 1966 ሜክሲኳውያን ከበዙበት ከሴዛር ቻቬዝ ማኅበር ጋር ተዋሐደ። ትክክል ነበር?

ታሪክ ወዳድ፦ ጎዳቸው እላለሁ። በሜይ 1965 የወይን ለቀማ ላይ ሳሉ ኮቸላ ሸለቆ ላይ አድማ መትተው በሰዓት 1.40 ዶላር ያስከፈሉት እነሱ ናቸው። መከሩን ተከትለው ወደ ሰሜን፣ ዴላኖ ሲደርሱ አምራቾቹ ያንኑ ዋጋ እምቢ አሉ። ሴፕቴምበር 7 በፊሊፒኖ አዳራሽ ድምፅ ሰጥተው በማግስቱ ሥራ አቆሙ። በየካምፑ መብራትና ውኃ ተቆረጠባቸው። የቻቬዝ ማኅበር አድማውን ለመቀላቀል የወሰነው ሴፕቴምበር 16 ነው። ስለ አድማው ሲወራ ግን ቀድሞ የሚጠራው የቻቬዝ ስም ሆነ።

የሕግ ሰው፦ ወንድሜ፣ ስሙን ለጊዜው እንተወው። ፊሊፒኖው ሲያድም አምራቹ ሜክሲኳዊውን ያስገባል፣ ሜክሲኳዊው ሲያድም ፊሊፒኖውን፤ ለዓመታት አድማ የከሸፈው በዚህ ነው። ኢትልዮንግ ራሱ ቻቬዝ ዘንድ የሄደው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። ደግሞም ድሉ በማሳው ብቻ አልመጣም። የ1935ቱ የሠራተኛ ሕግ የእርሻ ሠራተኛን ከጥበቃው አስቀርቶታል፤ ስለዚህ ማኅበራት ከክርክሩ ውጭ ባለ ነጋዴ ላይ ገበያተኛ እንዳያሳድሙ በ1947 የተጣለው ክልከላም አይመለከተውም ነበር። ወይኑን የሚሸጠው ሱፐርማርኬት ደጃፍ ላይ ቆሞ ገዢ መመለስ የተቻለው በዚህ ክፍተት ነው። ይህ በየከተማው ሰው ይፈልጋል፤ ፊሊፒኖዎቹ ብቻቸውን ከየት ያመጡታል? ጁላይ 29 ቀን 1970 የዴላኖ አምራቾች ፈረሙ፣ ክፍያው በሰዓት 1.80 ዶላር ሆነ።

ማኅበር አደራጅ፦ ሁለታችሁም ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። ጉዳቱ የመጣው ከፊርማው በኋላ፣ ማኅበሩ ሠራተኛ እየመደበ ወደየማሳው በሚልክበት በቅጥር አዳራሹ ነው። ቀድሞ የፊሊፒኖ ቡድን በአለቃው በኩል በየዓመቱ ወደዚያው አምራች ይመለሳል፣ በካምፕ አብሮ ያድራል፣ አብሮ ይበላል። አዳራሹ ሲቋቋም ቅድሚያ የሚሰጠው በማሳው ላይ በቆየበት ዘመን ሳይሆን በማኅበሩ አባልነት ዘመን ሆነ። ዕድሜውን አንድ ማሳ ላይ የፈጀ ሽማግሌ ወረፋ ጠብቅ ተባለ፤ ቡድኑም ተበተነ። መዋጮው በወር 3.50 ዶላር ነበር፤ ሥራ በሌለበት ወርም ይቆጠር ነበር፣ ውዝፉ ካልተከፈለ ወደ ሥራ የሚልክ ወረቀት አልነበረም።

የሕግ ሰው፦ አዳራሹ የተቋቋመው እኮ በሠራተኛው ላብ የሚከብረውን ደላላ ለማስወገድ ነው።

ማኅበር አደራጅ፦ እሱን አልቃወምም፤ አቆጣጠሩን ነው። ቡድኑን እንዳለ መዝግቦ፣ የማሳ ዘመኑን ይዞለት መላክ ይቻል ነበር። ካሊፎርኒያ እስከ 1948 ድረስ ፊሊፒኖ ነጭ ሴት እንዳያገባ ትከለክል ነበር፤ ከአገራቸው የመጡትም አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ብዙዎቹ ሳያገቡ አረጁ። ቡድኑ ቤተሰባቸው ነበር፤ ቡድን ሲበተን ቤት ፈረሰ ማለት ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ ኢትልዮንግም በ1971 ለቅቆ የወጣው ለእነዚህ ሽማግሌዎች የሚሰማ ጆሮ ስላጣ ነው። በ1973 ውሎቹ ሲያልቁ ብዙ አምራቾች ከተቀናቃኙ ከቲምስተርስ ማኅበር ጋር ተፈራረሙ፤ በአዳራሹ የተማረረ ሠራተኛ መኖሩ መንገዱን አቀለለላቸው።

የሕግ ሰው፦ በአቆጣጠሩ ተረትቻለሁ። ውህደቱ ግን ባይኖር የሚከፋፈል ሥራም፣ የሚፈረም ውልም አይኖርም ነበር፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።