ለሰርግና ለመልስ አዲስ ልብስ ሳልገዛ ሽክ ማለት እፈልጋለሁ፤ የት ልሂድ?

የአክስቴ ልጅ ሰርግ ደርሷል። ቁምሳጥኔን ብበረብር ያገኘሁት ወገቡ የሚሰፋኝ ጥቁር ቀሚስ፣ ግራጫ ኮት፣ ተረከዙ የተበላ ጥቁር ጫማና እናቴ የሰጠችኝ ሰፊ የአበሻ ቀሚስ ነው። አዲስ አበባ ነኝ። እባካችሁ ጠቁሙኝ።

— እህት፣ ምንም አትግዢ። ጥቁሩን ለሰርጉ፣ የአበሻውን ለመልሱ አድርጊው። ጥቁሩን ለሰፈርሽ ልብስ ሰፊ ስጪው፤ ወገብ ማጥበብ ቀላል ሥራ ነው። ትከሻው ሰፍቶ ቢሆን ኖሮ ተይው እልሽ ነበር፤ እሱ ልብሱን እንደ አዲስ መስፋት ነው።

የአበሻውን ግን ለማንም እንዳትሰጪ! እኔ ሰፈር ውስጥ አሰፍቼ ጉዴ ፈላ። ሰውየው በሱሪ የተካነ ነው፤ ሸማ ላይ ግን ጥለቱን ቆርጦ ግራና ቀኙ ሳይገጥም ቀረ። ሸማ ደግሞ ጠርዙ በደንብ ካልተዘመዘመ ይተረተራል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ውጪ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲኬድ ማለት ነው። ቀሚሱን ይዘሽ ሂጂ፣ ሦስት ሱቅ ጠይቂ፣ በመጀመሪያው ዋጋ እሺ አትበይ። ከጎኑ ይጥበብልሽ፣ ጥለቱ አይነካ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀደም በይ። የጆሮ ጌጥሽን ከጥለቱ ቀለም አንዱን መርጠሽ አዛምጂው፤ ሁሉንም ካልሽ የገና ዛፍ ትሆኛለሽ።

— ለጥቁሩ ቀበቶ ከፈለግሽ ቡቲክ አትግቢ፣ መርካቶ ሳልቫጅ ፈልጊ። ቡቲክ የምትከፍዪው ለመስታወቱም ጭምር ነው። ሳልቫጅ ላይ ግን ቆዳው እንዳልተሰነጠቀ አጥፈሽ እዪ።

— ጫማውን ጫማ ሰፊ ጋ ውሰጂው፤ የተረከዙን ጎማ ይቀይርልሻል። ከዚያ ሊስትሮ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጫማ ነው።

— ነጠላውን በእጅ እጠቢው፣ በረኪና እንዳይነካው። ኮቱን ደግሞ ነጠላ ላይ አትደርቢ፣ በእመቤቴ!

— እሺ፣ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ እወጣለሁ። እናቴ ከአሁኑ «ቀሚሴን ልታስቆርጪ ነው» ብላ አኩርፋለች።

— ይዘሻት ሂጂ። ዋጋውንም እሷ ትከራከርልሽ።